ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ፓይተን «የለም» ይለኛል

የአራብሳው · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ላብድ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እርዱኝ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ኮሚቴ የውሃ ፓምፑንና የጥበቃውን መዋጮ የሚይዘው በደብተር ነው። ደብተሩ ደግሞ ገንዘብ ያዧ እጅ ነው ያለው። እሳቸው ለቅሶ ከሄዱ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ስብሰባ ላይ «አንተ ኮምፒውተር ተምረሃል አይደል?» ተባልኩ። እምቢ ማለት አፍሬ እሺ፣ መዋጮውን የሚመዘግብ ፕሮግራም እጽፋለሁ አልኩ።

የምጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን 3፣ የግዕዝ ፊደል ለስም እንደሚቀበል ሳውቅ ደስ ብሎኝ ሁሉንም ፋይል በአማርኛ ሰየምኩ። አሁን ከስልክ ስለምጽፍ የፓይተኑንም ቃላት በኛው ፊደል አድርጌያቸዋለሁ፣ ታገሡኝ። አቀማመጡ ይሄ ነው (ኢኒቶቹ ፎልደሩ ፓኬጅ፣ ማለትም የፓይተን ፋይሎች የያዘ ፎልደር፣ መሆኑን የሚናገሩ ናቸው)፦

ብሎክ/
– ዋና.ፓይ
– ኮንዶ/
– – __ኢኒት__.ፓይ
– – የጋራ/
– – – __ኢኒት__.ፓይ
– – – ሒሳብ.ፓይ
– – መዋጮ/
– – – __ኢኒት__.ፓይ
– – – ውሃ.ፓይ
– – – ጥበቃ.ፓይ

«ውሃ» የሚለው ፋይል «ሒሳብ» ውስጥ ያለውን «መዝግብ» የሚባል ፈንክሽን ይፈልጋል። ስለዚህ እሱን የሚያስመጣው (ኢምፖርት የሚያደርገው) የመጀመሪያው መስመር፦

ፍሮም ..የጋራ.ሒሳብ ኢምፖርት መዝግብ

መዋጮ ፎልደር ውስጥ ገብቼ «ፓይተን ውሃ.ፓይ» ስለው ይጮኽብኛል። ወላጅ ፓኬጁ የማይታወቅ አንጻራዊ ኢምፖርት (በነጥብ የሚጀምር ጥሪ) ሞክረሃል ነው የሚለኝ። ወላጁ እኮ ከላዩ ቁጭ ብሏል! ሁለት ነጥብ ማለት አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ ማለት አይደል እንዴ?

ቶሎ_መልስ · ማክሰኞ ማታ 2፡52

ቀላል ነው ብሮ። ነጥቦቹን አጥፋቸው። ፋይሉ አናት ላይ እንዲህ በል፦

ኢምፖርት ሲስ
ሲስ.ፓዝ.አፔንድ("/ሆም/አንተ/ብሎክ/ኮንዶ/የጋራ")
ፍሮም ሒሳብ ኢምፖርት መዝግብ

አለቀ። እኔ ስራ ቦታ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው።

የአራብሳው · ማክሰኞ ማታ 3፡01

ሰራ!!! እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ነገ ለኮሚቴው አሳያለሁ።

ጋሽ_ሊነክስ · ማክሰኞ ማታ 3፡34

ልጄ፣ ነገ አታሳይ። መጀመሪያ ከዋና.ፓይ አስነሳውና አንድ ክፍያ አስገብተህ ድምሩን እይ። ምክንያቱን እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ግን እዚህ ሰበታ መብራት ሄዷል፣ ስልኬም 6 ፐርሰንት ላይ ነው።

የአራብሳው · ረቡዕ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ መልእክትዎን ያየሁት ከስብሰባው በኋላ ነው። ምነው ቀድሜ ባየሁት።

ስብሰባችን ደረጃው ስር ነው የሚደረገው። ላፕቶፑን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስራ ምናምን ሰው ከበበኝ። ገንዘብ ያዧ «እስቲ የኔን የፓምፕ መቶ ሃምሳ ብር አስገባው» አሉ። አስገባሁ። «ተመዝግቧል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። «እስቲ ጠቅላላውን አሳየን» ሲሉኝ ተጫንኩት፦

ጠቅላላ፦ 0 ብር

ደግሜ አስገባሁ። «ተመዝግቧል» ይላል። ጠቅላላ፦ 0 ብር። አንዱ ከኋላ «ገና በመጀመሪያው ቀን በላው እንዴ?» አለ። ገንዘብ ያዧ ምንም አልተናገሩም። ደብተራቸውን ከነጠላው ስር አወጡና መቶ ሃምሳ ብለው በእስክሪብቶ ጻፉ።

የከፈለው ሰው ዝርዝር ሒሳብ.ፓይ ውስጥ «ክፍያዎች» የሚባል አንድ ሊስት ነው። አንድ ብቻ። መዝግብ እሱ ላይ ይጨምራል፣ ዋና.ፓይ ደግሞ እሱኑ ይደምራል። እንዴት ነው ዜሮ የሚሆነው?

ጋሽ_ሊነክስ · ረቡዕ ማታ 2፡15

አይዞህ። ሊስትህ አንድ አይደለም፣ ሁለት ሆኗል። ቁጭ ብለህ አንብበኝ፣ ዛሬ መብራት አለ።

ፓይተን «ኢምፖርት» ሲባል መጀመሪያ የሚያየው ዲስኩን አይደለም። ሲስ.ሞጁልስ የሚባል መዝገብ አለው፤ እስካሁን የጫናቸው ሞጁሎች (የኮድ ፋይሎች) በስማቸው የተያዙበት። ስሙ እዚያ ካለ ያለውን ይሰጥሃል፣ ፋይሉን ዳግም አያነብም። ከሌለ ግን ፍለጋ ይወጣል። አብረውት የተሰሩትን ያያል፣ ከዚያ ሲስ.ፓዝ የሚባለውን የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል። መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል።

አሁን ያንተን ነገር እይ። ዋና.ፓይ ፋይሉን የጠራው «ኮንዶ.የጋራ.ሒሳብ» ብሎ ነው። ውሃ.ፓይ ደግሞ በትናንቱ ዘዴ «ሒሳብ» ብሎ ጠራው። ፋይሉ አንድ ነው። መዝገቡ ግን የሚያውቀው ስም ብቻ ነው። ሁለት ስም አየ፣ ሁለት ጊዜ ጫነ። ሁለት «ክፍያዎች» ተፈጠሩ። የእናትየዋ መቶ ሃምሳ ብር «ሒሳብ» ውስጥ ገባ፣ አንተ የደመርከው «ኮንዶ.የጋራ.ሒሳብ» ውስጥ ያለውን ነው። ገንዘቡ አልተበላም፣ ጎረቤት ቤት ነው የገባው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልመለስ። ሁለት ነጥብ አንድ ፎልደር ወደ ላይ ነው ብለሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓይተን ነጥቦች የሚቆጥሩት በፎልደር ሳይሆን በስም ነው። ውሃ.ፓይ በደንብ ሲጫን ሙሉ ስሙ «ኮንዶ.መዋጮ.ውሃ» ነው። አንድ ነጥብ ማለት «ኮንዶ.መዋጮ»፣ ሁለት ነጥብ ማለት «ኮንዶ»። ግን ፋይሉን በቀጥታ «ፓይተን ውሃ.ፓይ» ብለህ ስታስነሳው ፓይተን ያንን ስም አይሰጠውም። «__ሜይን__» ይለዋል። አባት የለው፣ አያት የለው። ከዚህ ስም ላይ ምን ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል?

አራብሳ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው አይደል? አንድ እንግዳ ደውሎ «ከቆምኩበት ብሎክ ጀርባ ያለው የትኛው ነው?» ቢልህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አንተ የት ነው የቆምከው?» ብለህ ነው። ፓይተንም የጠየቀህ እሱኑ ነው፣ አነጋገሩ ሻካራ ሆኖ ነው እንጂ።

መፍትሔው፦ የሲስ.ፓዟን መስመር አጥፋ፣ ነጥቦቹን መልስ። ብሎክ ፎልደር ላይ ቁምና እንዲህ በል፦

ፓይተን -ኤም ኮንዶ.መዋጮ.ውሃ

በ«-ኤም» ሲነሳ ፓይተን የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ከዋና.ፓይ ስታስነሳውም ያለምንም ጣጣ ይሰራል። ከመጀመሪያውም የጻፍከው መስመር ስህተት አልነበረውም። አነሳሱ ነው የተበላሸው።

የአራብሳው · ረቡዕ ማታ 2፡31

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ግን አሁን ደግሞ «ኮንዶ የሚባል ሞጁል የለም» አለኝ።

የጣፎዋ · ረቡዕ ማታ 2፡33

የት ሆነህ ነው ያልከው?

የአራብሳው · ረቡዕ ማታ 2፡34

ኮንዶ ፎልደር ውስጥ።

የጣፎዋ · ረቡዕ ማታ 2፡38

እሱ ነዋ። በ«-ኤም» ስታስነሳ የሲስ.ፓዝ አንደኛው መስመር አሁን የቆምክበት ፎልደር ነው። ኮንዶ ውስጥ ቆመህ ኮንዶን ስትፈልግ አታገኘውም፣ ሳሎን ተቀምጠህ ሳሎኑ ውስጥ ቤትህን እንደመፈለግ ነው። አንድ ወደ ኋላ ውጣ።

በነገራችን ላይ ያለ «-ኤም» ሲሆን ሌላ ነው። «ፓይተን ኮንዶ/መዋጮ/ውሃ.ፓይ» ካልክ የትም ቁም የት፣ አንደኛው መስመር ፋይሉ ያለበት ፎልደር ነው። ማለትም መዋጮ። ሰው የሚምታታው ሁለቱ ስለሚለያዩ ነው። ሲጨንቅህ ሲስ.ፓዝን ፕሪንት አድርግና የመጀመሪያውን መስመር አንብብ። እኔ ከመገመት በፊት እሱን ነው የማየው።

የአራብሳው · ረቡዕ ማታ 2፡44

ሰራ። ጠቅላላ፦ 150 ብር። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ቶሎ_መልስ · ረቡዕ ማታ 3፡02

እሺ ተሸነፍኩ፣ ዘዴዬ ሰውየውን አዋርዶታል፣ ይቅርታ። ግን ጥፋቱ የፓይተን ነው ባይ ነኝ። እኔ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን የሚያስነሳው) ላይ ነው የምሰራው። ኖድ ላይ «./» ወይም «../» ካልክ የሚቆጠረው ከራሱ ከፋይሉ ነው። የት ቆመህ አስነሳኸው፣ በምን ስም ተጫነ፣ ማንም አይጠይቅህም። ፋይሉ ካለ ይገኛል።

የጣፎዋ · ረቡዕ ማታ 3፡09

ያለነጥብ ስትጠራውስ?

ቶሎ_መልስ · ረቡዕ ማታ 3፡15

ያኔ «ኖድ_ሞጁልስ» የሚባለውን፣ ላይብረሪዎች የሚጫኑበትን ፎልደር ይፈልጋል። ከፋይሉ ጎን ካጣው አንድ ፎልደር ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያም ካጣ ደግሞ ወደ ላይ፣ እስከ ዲስኩ ጫፍ ድረስ። እሺ፣ ኖድ_ሞጁልስ ዲስክ ይበላል። የኔ ላፕቶፕ ምስክር ነው። አንዱን ፕሮጀክት ከመገናኛ ካፌ በፍላሽ ልወስድ ብዬ ኮፒው ሳያልቅ ካፌው ተዘጋ።

ጋሽ_ሊነክስ · ረቡዕ ማታ 3፡21

ኖድን የፈጠረው ራያን ዳል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መድረክ ላይ ቆሞ ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ ኖድ_ሞጁልስ ነው ብሏል። ፎልደር ስትጠራ በዝምታ «ኢንዴክስ» የሚባለውን ፋይል መፈለጉንም ጨምሮበታል። ፈጣሪው የተቆጨበትን ነገር አንተ አትከራከርለት።

ጀበና · ሐሙስ ጠዋት 2፡10

ጃቫ ላይ የምሰራ ሰው ልግባ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

እኛ ጋ አንጻራዊ ኢምፖርት የሚባል ነገር የለም። ሙሉ ስም ትጽፋለህ፣ ክላስፓዝ ላይ ባሉት ቦታዎች ውስጥ የስሙ ነጥብ ወደ ፎልደር ይቀየራል፣ አለቀ። ጀማሪ የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ ግን አለ። «ኮም.ብሎክ» እና «ኮም.ብሎክ.መዋጮ» የሚባሉ ሁለት ፓኬጆች ስታይ ልጅና አባት ይመስሉሃል። ለጃቫ ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። በኮከብ ምልክት «ኮም.ብሎክ.*» ብትል መዋጮ ውስጥ ያለው አይመጣልህም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ስላለ ብቻ ነው ቤተሰብ የሚመስለው። ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነገር ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቻው።

ጎሮ · ሐሙስ ጠዋት 4፡25

ስሜን አይታችሁ ሰፈሬን ገምታችኋል። ጎ የሚባለውን ቋንቋም ስለምጽፍ ሁለቱንም ይዞልኛል።

ጎ ላይ ይሄ ክር አይኖርም ነበር። ከፕሮጀክቱ አናት ላይ አንድ «ጎ.ሞድ» የሚባል ፋይል ይቀመጣል። የመጀመሪያው መስመር የፕሮጀክቱ ስም ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፎልደር የሚጠራው በዚያ ስም ላይ የፎልደሩ መንገድ ተጨምሮ ነው። ብሎክ/ኮንዶ/የጋራ፣ ሁልጊዜ፣ ከየትም። ነጥብ ነጥብ ብትል አይቀበልህም። ሁለት ፓኬጆች እርስ በርስ ኢምፖርት ከተደራረጉ ኮምፓይል አያደርግም። ደስ የሚለኝ ደግሞ «ኢንተርናል» የተባለ ፎልደር ነው፤ ውስጡ ያለውን መጥራት የሚችለው ከኢንተርናል አንድ ፎልደር ከፍ ብሎ ካለው ቦታ በታች የሚኖር ኮድ ብቻ ነው። ውጭ ያለ ሰው ቢጠራው «ጎ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ይከለክላል።

ቶሎ_መልስ · ሐሙስ ጠዋት 4፡40

የጎ ሰው ስለ ጎ ሳይጠየቅ የሚያወራው ነገር 🙄

ጎሮ · ሐሙስ ጠዋት 4፡41

ሳትጠየቅ ሲስ.ፓዝ አፔንድ ያስደረግከው ማን ነበር?

የአራብሳው · ሐሙስ ቀን 7፡05

ሃሃሃ አትጣሉ። አንድ የጅል ጥያቄ ልጠይቅ። ፓይተን ለምን ዝም ብሎ የቆምኩበትን ፎልደርም፣ ጎረቤቱንም፣ ሁሉንም አይፈልግልኝም? ለሱ ምን ይከብደዋል?

ጋሽ_ሊነክስ · ሐሙስ ማታ 1፡50

የጅል አይደለም። ድሮ እንዲያ ያደርጉ ነበር፣ ከዚያ ተቃጠሉ።

እኔ ፐርል የሚባለው ቋንቋ ሰው ነበርኩ፣ ሽበቴ ከዚያ ነው። ፐርል ሞጁል የሚፈልግበት ዝርዝር ውስጥ ለብዙ ዓመት አንዲት ነጥብ ነበረች፤ «አሁን የቆምክበት ፎልደር» ማለት ነው። ክፉ ሰው ሁሉም የሚጽፍበት ፎልደር ውስጥ የታወቀ ሞጁል ስም ያለው ፋይል ይጥላል። አንተ እዚያ ቆመህ አንድ ፕሮግራም ታስነሳለህ። የሱ ኮድ ባንተ ስልጣን ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 5.26 ነጥቧን አወጧት። ሩቢ የሚባለውም ቋንቋ ቀደም ብሎ በ1.9.2 አውጥቷታል። ፓይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ 3.11 ጀምሮ የሲስ.ፓዝን የመጀመሪያ መስመር የሚያስቀር «-ፒ» የሚባል አማራጭ ሰጥቷል።

ጎረቤቱን መፈለግም በፓይተን 2 ነበር። ፓኬጅ ውስጥ ሆነህ «ኢምፖርት ሒሳብ» ካልክ መጀመሪያ የሚያየው ጎንህ ያለውን ነበር። ችግሩ የቱን ሒሳብ እንደፈለግህ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጎንህን ነው ወይስ ከቋንቋው ጋር የመጣውን? ነጥቦቹን ያመጣው ይህ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ2.5 ገቡ። በ2008 መጨረሻ በወጣው 3.0 ያለነጥብ የተጻፈ ሁሉ ሙሉ ስም ነው ተባለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀጥታ የተነሳ ፋይል ስሙ «__ሜይን__» መሆኑ ይቅር የሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቦ ነበር። የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮስም አልተቀበለውም። ፓኬጅ ሆድ ውስጥ ያለን ፋይል በቀጥታ ማስነሳት ራሱ ደግ ልማድ አይደለም የሚል ሰው ነው። እኔ በግሌ ሰውየው ትንሽ ጨክኗል እላለሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

የጣፎዋ · ሐሙስ ማታ 2፡12

ጋሼ በነጥብ ይጻፍ ነው የሚሉት ወይስ በሙሉ ስም?

ጋሽ_ሊነክስ · ሐሙስ ማታ 2፡20

በሙሉ ስም። «ፍሮም ኮንዶ.የጋራ.ሒሳብ ኢምፖርት መዝግብ»። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያም የሚያስቀድመው እሱን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ነጥብ መቁጠር የለበትም።

የጣፎዋ · ሐሙስ ማታ 2፡29

እኔ አልስማማም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ደንበኛ ስራው ሊያልቅ ሲል የድርጅቱን ስም ቀየረና የፓኬጁም ስም ይቀየር አለ። በሙሉ ስም የተጻፈውን ከመቶ በላይ መስመር ነው ያረምኩት። በነጥብ የጻፍኳቸው አንዳቸውም አልተነኩም። መመሪያውም ቢሆን ነጥቡን አልከለከለም። ሦስትና አራት ነጥብ መደርደር ግን እኔም አልወድም፤ እዚያ ከደረስክ የፎልደሩ ጥልቀት ራሱ በዝቷል።

ጋሽ_ሊነክስ · ሐሙስ ማታ 2፡35

ደንበኛውን ነበር መቀየር 😄

የአራብሳው · ዓርብ ማታ 3፡48

ተመልሻለሁ። አሁን ግን እውነት ጠንቋይ ቤት ልሄድ ነው። ዋና.ፓይን ዛሬ ታክሲ ውስጥ በስልኬ አስተካከልኩት። ቤት ገብቼ አስነሳሁት።

ፍሮም ኮንዶ.መዋጮ ኢምፖርት ውኃ

ከኮንዶ.መዋጮ ውስጥ ይህንን ስም ማምጣት አልቻልኩም ይላል። ፋይሉ አለ። በዓይኔ አያለሁ። ቆሜ ያለሁት ብሎክ ላይ ነው። ሲስ.ፓዝን ፕሪንት አድርጌያለሁ፣ ልክ ነው። ኢኒት ፋይሎቹም አሉ። ጥበቃ ይመጣል። ውሃ ብቻ ነው እምቢ ያለው።

ቶሎ_መልስ · ዓርብ ማታ 3፡55

ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው።

የጣፎዋ · ዓርብ ማታ 4፡03

ቆይ ቆይ። ፋይሉን በየትኛው «ሃ» ነው የሰየምከው? መጀመሪያ ቀን ክሩ ላይ ያስቀመጥከው በሃሌታው ሀ ነው፤ «ውሃ»። አሁን የጻፍከው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ «ውኃ»።

የአራብሳው · ዓርብ ማታ 4፡06

ወይኔ።

ስልኬ የጠቆመኝን ነው የነካሁት። ለኔ እኮ ሁለቱም ውሃ ነው!

የጣፎዋ · ዓርብ ማታ 4፡19

ለጆሮ አዎ። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያየ ቃል ነው። ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ «ሃ» ቁጥሩ 1203 ነው፣ «ሀ» 1200፣ «ኃ» 1283። ውሃ፣ ውሀ፣ ውኃ። ፓይተን ስሞችን ከማወዳደሩ በፊት አንዳንድ ፊደሎችን በዩኒኮድ ደንብ ወደ አንድ ያመጣል፣ ግን ያ ደንብ የኛን ሞክሼ ፊደሎች አይነካም። ሰ እና ሠም እንደዚያው፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም። «ሒሳብ» የሚለውን በሐመሩ ሐ ነው የጻፍከው፣ ነገ ስልክህ «ሂሳብ» ብሎ ይጠቁምሃል። ጠብቅ።

ስህተቱ የሚመጣበት መልክም ይለያያል። «ፍሮም ኮንዶ.መዋጮ ኢምፖርት ውኃ» ካልክ ፓኬጁን አግኝቼ ስሙን አጣሁት ነው የሚለው። «ኢምፖርት ኮንዶ.መዋጮ.ውኃ» ብትል ኖሮ እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም ይልህ ነበር። የትኛው ድረስ እንደሄደ ከመልእክቱ ታውቃለህ። ፓይተን ሰንሰለቱን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ኮንዶን ያገኛል፣ የሱን ኢኒት ይሮጣል፣ ከዚያ መዋጮን ኮንዶ ውስጥ ብቻ ይፈልጋል፣ ከዚያ ውኃን መዋጮ ውስጥ ብቻ። ሲስ.ፓዝ የሚያገለግለው ለመጀመሪያዋ ስም ነው። አንተ ሲስ.ፓዝን ፈትሸህ ምንም ያላገኘኸው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነበር።

ፎልደር ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከ3.3 ወዲህ ኢኒት የሌለው ባዶ ፎልደርም እንደ ፓኬጅ ይቆጠራል። በሌላ ፊደል የተጻፈ ሌላ ፎልደር በስህተት ብትፈጥር ያለምንም ቅሬታ ይጫንልሃል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ኢኒቶቹን «ግዴታ አይደለም» ብሎ የሚያስጠፋህን አትስማ።

ጎሮ · ዓርብ ማታ 4፡30

ዋው። እንደዚህ ዓይነት ስህተት ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

በነገራችን ላይ የግዕዝ ቁጥር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? «ብሎክ፩» ፓይተን ላይ ትክክለኛ ስም ነው፣ እስከ «ብሎክ፱» ድረስ። «ብሎክ፲» ግን አይቀበልም። ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ዩኒኮድ ስም ውስጥ ይግቡ ብሎ ለይቶ ፈቅዷል፣ ፲ ጋ ሲደርስ በሩ ተዘጋ። የአራብሳን ብሎኮች በዚህ ልትሰይም ብታስብ አስረኛው ላይ ትቆማለህ።

የጣፎዋ · ዓርብ ማታ 4፡44

ስም ላይ ከሆንን የራሴን ጉድ ልናገር። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ኮድ ጻፍኩ። አስራ ሦስቱ ወር፣ ጳጉሜ አምስትና ስድስት የምትሆንበት፣ ሁሉም ቆንጆ ሆኖ ሰራ። ፋይሉን በላቲን ፊደል «ካሌንደር» አልኩት። ከሳምንት በኋላ ጎኑ ላይ ሌላ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ከኢንተርኔት ዳታ የሚያመጣ። «ሪኩዌስትስ»ን ኢምፖርት ስለው ስለማላውቀው «ታይምጂኤም» ስለሚባል ነገር ያለቅሳል። ላይብረሪውን አጥፍቼ ጫንኩት። ፓይተንን ራሱ አጥፍቼ ጫንኩት። ዳታ ፓኬጄ አለቀ።

ፓይተን የራሱ «ካሌንደር» የሚባል ሞጁል አለው። የኩኪ ነገር የሚይዘው ክፍል ታይምጂኤምን ከዚያ ነው የሚወስደው። የኔ ፋይል ስክሪፕቱ ጎን ስለነበር፣ የስክሪፕቱ ፎልደር ደግሞ ሲስ.ፓዝ ላይ አንደኛ ስለሆነ፣ እሱ ሲጠራ የኔ ጳጉሜ መጣችበት።

አዲሶቹ ፓይተኖች ላይ እንዲህ ሲሆን መልእክቱ ራሱ «ስሙን ቀይር» ብሎ ይጠቁማል። እኔ ከዚያ በፊት ነበር የተቃጠልኩት።

ጀበና · ቅዳሜ ጠዋት 3፡30

የኔ ጳጉሜ መጣችበት 😂😂 ቡናዬን ደፋሁ።

የአራብሳው · እሑድ ማታ 1፡10

ዛሬ ከሰዓት ለኮሚቴው በድጋሚ አሳየሁ። ደረጃው ስር፣ ያው ወንበር ላይ። የስድስት ቤት ክፍያ አስገባን። ገንዘብ ያዧ ከደብተራቸው እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ። ጠቅላላው ወጣ። በደብተሩ ካለው ጋር በጣታቸው እያስተያዩ ሁለት ጊዜ ደመሩ። ልክ ነው አሉ። ጋሼ፣ የጣፎዋ እህቴ፣ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ቶሎ_መልስም ጭምር።

አንድ ጣጣ ግን መጣ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና «ይሄ ምንድነው?» አሉ። የፋይሉን ስም ነው። «ውኃ በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው፣ ማን ነው ያስተማረህ?» ሰው ሁሉ ፊት። ቀይረው ተባልኩ።

አሁን የፋይሉን ስም ቀይሬ ዋና.ፓይ እንደገና እምቢ ብሎኛል።

የጣፎዋ · እሑድ ማታ 1፡14

ዋና.ፓይን ዓርብ ማታ ወደ «ሃ» መልሰኸው የለ? ጥበቃ.ፓይም ውሃን ይጠራ እንደሆነ እይ። ፋይሉን ብቻ ቀይረህ አትተወው፣ ሙሉ ፎልደሩን በሦስቱም ፊደል ፈልግ።

የአራብሳው · እሑድ ማታ 1፡22

አራት ቦታ ነበር። አንዱ ውሀ ነው።